የአባቴ ድህነት ምስክሮች

አዲስ አበባ ነርስነት የምማርበት ትምህርት ቤት ለክረምት ሊዘጋ ሲል ኃላፊዋ ቢሯቸው አስጠሩኝ። የውጭ አገር ሰው ነበሩ፤ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ አማርኛቸው አንድ አንድ ቃል እየተለቀመ የሚወጣ። የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ይወርድ ስለነበር ግማሹን ንግግራቸውን ዝናቡ ሸፍኖብኛል። የሁለተኛውን ዓመት ክፍያ አባቴ ይችል እንደሆነ ነው የጠየቁኝ። ለመጀመሪያው ዓመት የሚያርስባቸውን በሬዎች ሸጦ ነበር፤ የጎደለውን የጸሎት ቤታችን ሴቶች ከቅቤ ሽያጫቸው እየቆነጠሩ ሞልተውልኛል። ከዚያ በኋላ የሚሸጥ በሬ እንዳልቀረ አውቃለሁ፤ ግን ይህን ለማላውቃቸው ሴት መናገር አፌ ላይ ከበደኝ።

ነገሩ ገብቷቸው መሆን አለበት፣ ራሳቸው ቀጠሉ። ትምህርት ቤቱ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች እርዳታ አለው፤ እርዳታውን ለማግኘት ግን አባቴ ድሃ መሆኑን ምስክሮች ቀርበው፣ ያገሬ ወረዳ ጽሕፈት ቤት አረጋግጦ መጻፍ አለበት። ክረምቱን አገርሽ ሂጂ፣ ወረቀቱን ይዘሽ ከመጣሽ ቦታሽ ይጠብቅሻል አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ የታጠበ አንሶላ ተሰጥቶ ነበር፤ በእርጥቡ ጨርቅ መካከል ሳልፍ፣ አባቴን ድሃ ብዬ ጠርቼው እንደማላውቅ ትዝ አለኝ።

በቡታጅራ በኩል ሆሳዕና የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። መንገዱ ያን ጊዜ ገና አዲስ ነው። ጭቃው ጎማ ሲይዝ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል፣ ደግሞ ይሳፈራል። ከዚያ ጉዞ የቀረልኝ ግን ጭቃው ሳይሆን እንቅልፉ ነው። ነቃ ስል የሰው በርበሬ ማሳ፣ መልሼ ሳሸልብ የሆስፒታላችን አልጋዎች፣ እንደገና ስነቃ ጉም ውስጥ የቆሙ እንሰቶች። የትኛውን በዓይኔ እንዳየሁት፣ የትኛውን በሕልሜ እንዳየሁት ዛሬም አልለየውም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ትከሻቸውን ትራስ አድርጌባቸው ነበር፤ ሆሳዕና ስንደርስ በሀዲይኛ፣ «ልጄ፣ ቤትሽ ደረሰ» ብለው ቀሰቀሱኝ። ቤቴ ግን ገና ነበር። በሀቢቾ መንገድ ወደ ምዕራብ በእግሬ ተጉዤ፣ ከሰዓት በኋላ ከጓሯችን እንሰት ስር ደረስኩ።

አባቴን አና ነው የምንለው፤ በእኛ ቋንቋ አባት ማለት ነው። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ሲናገርም እንደ አረማመዱ ቀስ የሚል ሰው ነበር። እናቴ የሞቀ ወተት አቀረበችልኝ፤ ስለ ጉዞው፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ምግቡ ጠየቁኝ። ትምህርት ቤት ተምሬ የመጣሁትን ለማሳየት የእናቴን የልብ ትርታ በጣቴ ያዝኩላት፤ ሳቀች። የመጣሁበትን ጉዳይ የነገርኳቸው በማግሥቱ ጠዋት ነው። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ መኮትኮቻውን አንሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ጉሙ ዋጠው። የሚኮተኩትበት ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ምን አስቀየምኩት?» አልኳት እናቴን።

«አላስቀየምሽውም። አያቱን እያሰበ ነው» አለችኝ።

የአባቴ አያት ከብቱ መቶ ሞልቶለት፣ አገር ተጠርቶ የተደገሰለት ሰው ነበር። በእኛ ዘንድ ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው ስሙ ከልጅ ልጅ አይጠፋም። መቶው ከብት በበሽታና በዘመን አልቆ፣ ለአባቴ የደረሱት ጥቂት ላሞችና እንሰቱ ብቻ ናቸው፤ ቢሆንም ማንም ሰው አባቴን ድሃ ብሎ አያውቅም። በአባቴ አነጋገር ድሃ ማለት ሰው የሌለው ነው፤ ሲታመም ደጁ የማይረገጥ፣ ሲሞት የሚቀብረው የሚቸግረው። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቼ፣ ይህ ሰው ድሃ ነው ብለው ሰዎች ይማሉልኝ እያልኩት ነው።

ሲመሽ ከጓሮ ተመልሶ እግሩን ታጠበና ከእሳቱ አጠገብ ተቀመጠ። እንሄዳለን አለኝ። ምስክሮቹን እኔ እጠራለሁ፤ አንቺ ምንም አትበያቸው።

ምስክር እንዲሆኑ የጠራቸው ሁለት ወዳጆቹን ነው። አንደኛው የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ናቸው፤ አጭር፣ ዘወትር ጥቁር ካፖርት የሚለብሱ፣ እኔን ከነወንድሞቼ ፊደል ያስቆጠሩ። ሁለተኛው ጨውና አቡጀዲ በበቅሎ ጭነው ከገበያ ገበያ የሚዞሩ እስላም ነጋዴ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር በወጣትነታቸው ተዋውቀው፣ ለእኛ ለልጆቹ እንደ አጎት የሆኑ። አባቴ ለሁለቱም የነገራቸው፣ ሆሳዕና የልጄ ጉዳይ አለ፣ አብራችሁኝ ቁሙ፣ ይህን ብቻ ነው። እነሱም ጉዳዩ ምንድን ነው ሳይሉ ጎህ ሲቀድ በራችን ላይ ተገኙ። ነጋዴው እኔን በቅሏቸው ላይ አስቀመጡኝና ሦስቱ ሰዎች ከፊትና ከኋላ ሆነው ተጓዝን። ጉሙ እስከ በቅሎዋ ሆድ ድረስ ይደርስ ነበር። እግራቸው ሳይታይ የሚንሳፈፉ ሦስት ሰዎች ይመስሉኝ ነበር።

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢ በባለጉዳይ ተሞልቷል። ተራችን ደርሶ ስንገባ ዋና ጸሐፊው ከጠረጴዛቸው ቀና አሉ። ከሰሜን ሸዋ የመጡ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ብርድ የማይለቃቸው ሰው ነበሩ፤ በክፍሉ ውስጥ ጋቢ ደርበዋል። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። አስተርጓሚው የት እንዳለ ጠየቁ፤ ለቅሶ ሄዷል ተባሉ። ሌላ ቀን ኑ ሊሉን ነው ብዬ ሰጋሁ። እሳቸው ግን እኔን ትንሽ ተመለከቱኝና፣ አማርኛ እንደሆነ ከእኔ የተሻለ ትናገሪያለሽ፣ አንቺው አስተርጉሚ አሉኝ። ጉዳዩ የራሴ መሆኑን፣ ከደንብ ውጭ እንዳይሆንባቸው ፈርቼ አስታወስኳቸው። ትምያለሻ አሉ። ምስክሮቹ ማሉ፤ እኔም ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልናገር ማልኩ።

ሽማግሌው ቀረቡ። ጸሐፊው፣ ይህ ሰው ድሃ መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ጠይቂልኝ አሉ። ወደ ሀዲይኛ መለስኩት። የምናገረው ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም፤ ከጀርባዬ ሌላ ሴት ቆማ የምትናገር ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አባቴን አዩ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ካፖርታቸውን አስተካከሉና መናገር ጀመሩ፤ እኔም እየተከተልኩ በአማርኛ አልኩት። የዚህ ሰው አያት መቶ የሞላለት ሰው ነው አሉ። የጸሎት ቤታችንን ቦታ የሰጠን ይህ ሰው ራሱ ነው። ዝናብ ቀርቶ አገር በተራበ ጊዜ እንሰቱን ነቅሎ ለሰፈሩ አካፍሏል፤ እኔም ከተካፈሉት አንዱ ነኝ።

የጸሐፊው ብዕር ቆመ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ሁለተኛውን ምስክር አቅርቢ አሉኝ።

ነጋዴው አማርኛ ትንሽ ትንሽ ያውቃሉ፤ ቢሆንም በዚያ ቀን በሀዲይኛ መናገርን መረጡ። ወጣት ሳለሁ፣ ገና ሚስት ሳላገባ፣ በመንገድ ላይ ወባ ጣለኝ አሉ። ተሸክሞ ቤቱ ያስገባኝ ይህ ሰው ነው። ዘመድ አይደለሁ፣ ሃይማኖቴ ሃይማኖቱ አይደለ። አንድ ክረምት ሙሉ በቤቱ ተኛሁ። ቡላውን በቅቤና በወተት አብስለው አተካና ያበሉኝ ነበር፤ ያ ምግብ ለክብር እንግዳ ነው የሚሠራው። አሁን ይህን ሰው ድሃ ነው ብዬ ብምል፣ ነገ አላህ ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ?

ስለዚያ ክረምት ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። እዚያች ጭስ የጠገበች ቤታችን ውስጥ አንድ ወጣት በወባ ሲንቀጠቀጥ፣ ያልተወለድኩት እኔ በበሩ ቀዳዳ የማየው ይመስል ነበር። ክፍሉ፣ ጠረጴዛው፣ የወረቀቱ ክምር ሁሉ ራቀብኝ። የመለሰኝ የጸሐፊው ድምፅ ነው።

«ልጄ፣ ምስክሮችሽ አባትሽ ሀብታም ነው እያሉኝ ነው። እኔ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ይህን ወደ ሀዲይኛ ልመልሰው ወይስ ልተወው ብዬ ሳመነታ፣ አባቴ ከኋላዬ ተነሣ። ኮፍያውን አወለቀ። አባቴ አማርኛ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ገበያ ላይ ዋጋ ከመጠየቅ ያለፈ ያውቃል ብዬም አስቤ አላውቅም።

«ጌታዬ፣ እኔ ድሃ ነው» አለ። «ጻፍ።»

ጸሐፊው ቀና ብለው አዩት። «እነዚህ ሰዎች ያሉት ታዲያ ሐሰት ነው?»

አባቴ ቃል እየፈለገ ቆየ። ላግዘው ፈልጌ አፌን ስከፍት በእጁ ከለከለኝ።

«እውነት ነው። ለጎረቤት አለኝ። ለአዲስ አበባ የለኝም።»

ጸሐፊው ብዕራቸውን አስቀምጠው እጃቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ምስክሮቹን እንደ አዲስ ጠይቂልኝ አሉ፤ ድሃ ነው ወይ ብለሽ ሳይሆን፣ ለትምህርት ቤት የሚከፈል ብር አለው ወይ ብለሽ። ስጠይቃቸው ሽማግሌው ትከሻቸው ወረደ፤ ብርማ ከእኛ መካከል ማን አለው አሉ። ነጋዴውም ፊታቸው ፈታ ብሎ፣ አሁን ጥሩ ጠየቅሽ፣ እንሰት እንደሆነ በአውቶቡስ አይላክ አሉ። ይህንንም አልጨመርኩም አልቀነስኩም። ጸሐፊው ሳቁ። ጻፉ፣ ማኅተም አደረጉበት። ሲያስገቡን አባቴን «አንተ» ይሉት የነበሩት ሰው፣ ወረቀቱን ሲሰጡት ተነሥተው «ይውሰዱ አባቴ» አሉት። አባቴ በሁለት እጁ ተቀብሎ ለእኔ አስተላለፈው።

ከግቢው ወጥተን መኪናዎች የሚቆሙበት አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ገብተን ሻይ በዳቦ በላን፤ የከፈሉት ነጋዴው ናቸው። ተሸካሚዎቹ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጆንያ ሲያወርዱ እያየሁ፣ አባቴን እንዴት ቀና ብዬ እንደማየው አስብ ነበር። እሱ ግን ዳቦውን ቆርሶ የሚበልጠውን በእኔ በኩል አደረገው።

ስንመለስ እንደገና በቅሎዋ ላይ ነበርኩ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በደመና ቀዳዳ ትወጣለች፤ የእንሰቱ ቅጠል ውኃውን ያንጠባጥባል። የበቅሎዋ እርምጃ ልክ እንደ እናት ጀርባ ነው፤ አሸለበኝ። በእንቅልፌ ውስጥ ከኋላዬ የነጋዴውና የአባቴ ንግግር ይደርሰኝ ነበር።

«ዛሬስ ድሃ ሆንክ። እንግዲህ ያንን ክረምት የምከፍልበት መንገድ አገኘሁ» ይላሉ ነጋዴው።

«ትንሽ ቆይ» ይላል አባቴ፣ «ድህነቱን ለምጄ ልንገርህ።»

ከዚያ ሁለቱም ሲስቁ ሰማሁ። ዓይኔን አልገለጥኩም፤ ብገልጥ ሳቁ የሚቆም መሰለኝ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ወሬ ግን ከበቅሎ ይፈጥናል። የዚያን ቀን ግቢው ውስጥ የነበረ ባለጉዳይ ሁሉ የየራሱን ይዞ ሄዷል። መቶ የሞላለት ሰው የልጅ ልጅ፣ በመንግሥት ፊት ቆሞ ድሃ ነኝ አለ! በመጀመሪያ አንዲት ጎረቤት በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው መጡ፤ እንዲያው ልጅቷን ላያት ነው አሉ። ቀጥሎ ማዶ ካለው መንደር ቆጮ መጣ። ከዚያ ገብስ። አባቴ ሰው በመጣ ቁጥር ወደ ጓሮ ይሸሻል፤ እናቴ ደግሞ ምስጋናውንና ማብራሪያውን ብቻዋን ትችላለች። ነገሩ የብር ጉዳይ ነው፣ የትምህርት ቤት ነው ትላለች። እሺ እሺ ይሏታል፤ ያመጡትን ግን መልሰው አይወስዱም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ለከምባታ ሰው ተድራ አንጋጫ የምትኖረው አክስቴ፣ ጊደር እየነዳች በጉሙ ውስጥ ብቅ አለች። ከሩቅ ታለቅስ ነበር። አንጋጫ ገበያ የደረሳት ወሬ፣ የወንድሟ ቤት እንደተቃጠለ፣ ከብቱ እንዳለቀ፣ ልጁም በልመና እየተማረች እንደሆነ ነው። ቤታችን ቆሞ ስታየው ልቅሶዋ ቆመ፤ በሩን፣ ክዳኑን፣ ላሞቹን አንድ በአንድ አየች። አባቴ ከጓሮ እጁ አፈር እንደሆነ መጣና ሰላም ሊላት ቀረበ። አልሳመችውም።

«ለመንግሥት ነገርክ» አለችው፣ «ለእህትህ ግን አልነገርክም።»

አባቴ ሊያስረዳት ሞከረ። ሆሳዕና ቆሞ በማያውቀው ቋንቋ የሞላለት ንግግር፣ በገዛ ቋንቋው እምቢ አለው። ለአዲስ አበባ ነው፣ ለብሩ ነው፣ ይልና መልሶ ያቆማል። በመጨረሻ እዚያው ደጃፍ ላይ ካለው ግንድ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በአፈራም እጁ ሸፈነ። እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አልለየሁም። አክስቴ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ትንሽ ቆይታ ራሱን ወደ ትከሻዋ ሳበችው፣ ልክ ሕፃን ሆኖ አዝላው ታሳድገው በነበረ ጊዜ እንደምታደርገው። ጊደሯ ቀይ ነበረች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለ። ቆይቼ እናቴን ስጠይቃት፣ ጥቁር ነበረች እንጂ ምን ቀይ አመጣብሽ አለችኝ። በእኔ ዓይን ግን እስከ ዛሬ ቀይ ናት፤ በጉሙ ውስጥ እንደ ፍም ትታየኛለች።

አክስቴ ጊደሯን ይዘሽ ተመለሺ ብትባል አልሰማችም። ሦስት ቀን አርፋ፣ ከእናቴ ጋር እንሰት ፍቃ፣ እጄን ይዛ አልቅሳና መርቃኝ ሄደች። አባቴ ጊደሯን ራሱ ያግዳት ጀመር። ከዚያ በኋላ ሰው ቅቤ ወይም እህል ይዞ ሲመጣ ወደ ጓሮ አልሸሸም። ተቀምጦ ይቀበላል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይላል። አንድ ጊዜ፣ መስጠት ብቻ የሚያውቅ ሰው ጎረቤቱን ብዙ ነገር ይከለክላል አለኝ። የተናገረው ለእኔ ይሁን ለጊደሯ እንጃ፣ ወደ እሷ ነበር የሚያየው።

መስከረም ጠብቶ አዲስ አበባ ስመለስ ወረቀቱን ለኃላፊዋ ሰጠሁ። ጸሐፊያቸው አነበበችላቸው። ሲያዳምጡ ቆዩና አባቴ ደህና እንደሆነ ጠየቁኝ። ደህና ነው፣ ጊደር አለው አልኳቸው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም፤ ከአፌ አምልጦኝ ነው። ጊደር ያለው ሰው ድሃ አይደለም ብለው እርዳታውን እንዳይከለክሉኝ ሰጋሁ። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው፣ የልጅነት አገራቸው የገበሬ አገር እንደሆነ፣ አባታቸውም ላም ያልቡ እንደነበር ነገሩኝ። እርዳታው ተፈቀደልኝ። ስጨርስ መንግሥት በመደበኝ ቦታ፣ በገጠር እንዳገለግል ፈረምኩ። ከዚያ ወደ ሕፃናት ክፍል ላኩኝ፤ የዚያን ቀን የሚያለቅስ ሕፃን ብዙ ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ የተመደብኩት ዱራሜ አካባቢ ካለ ክሊኒክ ነው። ከቤታችን ይርቃል፤ ከእኛ ሰፈር ለመምጣት ሆሳዕናን አልፎ፣ አንጋጫን አልፎ መንገድ አለ። ሥራ ከጀመርኩ ብዙም ሳልቆይ፣ አንድ ጠዋት ቁስል እያጠብኩ ቀና ስል፣ ከበሽተኞቹ ጋር አግዳሚ ላይ አባቴ ተቀምጧል። ያመመው መስሎኝ ደንግጬ ወደ እሱ ልሄድ ስል፣ ሥራሽን ሥሪ በሚል ዓይን መለሰኝ። ተራ ሲደርሰው ለሌላው እየለቀቀ ወደ አግዳሚው ጫፍ ይመለሳል። በሽተኛው ይገባል ይወጣል፤ እሱ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እጆቼን ያያል። የጠዋቱ ብርሃን በበሩ ገብቶ እግሩ ላይ ወድቆ ነበር፤ ቀስ በቀስ ወደ ደረቱ፣ ቀጥሎ ወደ ፊቱ ወጣ።

ለምሳ ልይዘው ብዬ እጄን ታጥቤ ስወጣ አግዳሚው ባዶ ነበር። ዘበኛውን ጠየቅሁት። ሄዱ አለኝ፤ ከአክስትሽ ዘንድ አንጋጫ አድራለሁ ብለዋል። ሌላ ያሉት ነገር አለ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ሲወጡ እጄን ይዘው፣ «ያቺ ልጄ ናት» ብለውኛል አለኝ።